የ1860 ሁለት ሜዳልያዎች፦ አንዱ ለመቅደላ፣ አንዱ ለፀሐይ ብርሃን



ዛሬ ስለ ሁለት ሜዳልያዎች እናወጋችኋለን። ሁለቱም ለአንድ ዓመት ሥራ የተሰጡ ናቸው። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር 1860 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 1868 ነው። የመጀመሪያው ሜዳልያ ከደብረ ታቦር ታሪክ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ከተማርነው ከመቅደላ ጦርነት የወጣ ነው። ሁለተኛውን ግን በዚህ ደጋ ያደግን ልጆች ሰምተነው አናውቅም። ሆኖም በላዩ የተቀረጸው ቀን ከእኛም ምድር ላይ ያለፈ ቀን ነው።

እነዚህን ሁለት ሜዳልያዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰው ምን ሲሠራ ነው ክብር የሚገባው? እኛስ ማንን ነው የምናከብረው? እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

የመጀመሪያው ሜዳልያ

ከገሳይ ወደ ምዕራብ መንገዱን ይዛችሁ ብትሄዱ ደብረ ታቦር ትደርሳላችሁ። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ጋፋት አለ። አፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ ሥራቸውን ያቋቋሙት እዚያ ነው። የሠሩላቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ ሚስዮናውያን ነበሩ። እጃቸው ሥራ የለመደ ቢሆንም መድፍ አፍስሰው አያውቁም ነበር። ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩ አሏቸው። ከእነሱም ጋር ሙያውን እንዲማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ተመደቡ። ምድጃ ተሠራ፣ ከሸክላ አፈር ቅርጽ ተበጀ፣ ብረታ ብረት ቀለጠ። በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

ንጉሡ እውቀት ፈላጊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1862 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ግን አልመጣም። ከዚያ በኋላ ቆንስሉ ካሜሮንና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። በ1866 ንጉሡ ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲያመጣ አዘዙት። ባለሙያዎቹ ተቀጥረው እስከ ምፅዋ ቢደርሱም እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ደብረ ታቦር ሳይወጡ ተመለሱ። ነገሩ በዚህ ተበላሸ፤ ጦርነትም ሆነ።

በጥቅምት ወር 1867 (እ.ኤ.አ.) ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ፣ ፊት ፊቱን መንገድ እየተጠረገ፣ በጨጨሆ አድርገው፣ ገደሉን እየወረዱና እየወጡ መቅደላ እስኪደርሱ ወራት ፈጀባቸው። ዛሬ አውቶቡስ በአንድ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እነዚያ ሰዎች በትከሻቸው ቆጥረውታል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን ወገን ወደ 700 ሰው እንደሞተ ይነገራል። ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ከአምባው የተዘረፈውን መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር። ሴባስቶፖል ግን እዚያው ተራራው ላይ ቀረ።

በማግስቱ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ለዘማቾቹ የብር ሜዳልያ አወጣ። በሜዳልያው ፊት ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ አለ። በጫፎቹ መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ተበትኗል። በመካከሉ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል አለ፤ ደብዳቤ ተጽፎላት መልስ ያልሰጠችው ንግሥት ማለት ነው። በጀርባው የተቀባዩ ወታደር ስምና ክፍለ ጦሩ ጎልቶ ተቀርጿል። እንዲህ ያለ ሜዳልያ 14 ሺህ ገደማ ተሰጥቷል።

አስቡት! 14 ሺህ ሰው ወደዚህ አገር በመምጣቱ ስሙ በብር ላይ ተጻፈለት። በጋፋት ምድጃ ፊት የቆሙት፣ ሴባስቶፖልን ተራራ ያስወጡት ወንድሞቻችን ግን ስማቸው የት ነው ያለው?

ነሐሴ 13

የእንግሊዝ ጦር በሰኔ ወር ዙላ ላይ መርከብ ተሳፍሮ ወጣ። ሁለት ወር ቆይቶ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 1868) ጠዋት ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ። በሂጅራ አቆጣጠር 1285፣ የረቢዑ ሣኒ ወር ማለቂያ ላይ ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የፀሐይ ግርዶሽ ጨረቃ በምድርና በፀሐይ መካከል ስትገባ የሚሆን ስለሆነ ሁልጊዜ በጨረቃ ወር መጨረሻ ላይ ይውላል። ነሐሴ 13 ደግሞ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቡሄን፣ ማለትም የደብረ ታቦርን በዓል የሚያከብሩበት ቀን ነው። ከተማችን ስሟን ከምትጋራው በዓል ጋር ግርዶሹ በአንድ ቀን ገጠመ።

የጨረቃ ጥላ ጉዞውን የጀመረው ፀሐይ ስትወጣ በዛሬዪቱ ኢትዮጵያ ምድር ላይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በዐደን አልፎ ሕንድን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ወደ ሲያም፣ ወደ ዛሬዪቱ ታይላንድ ሄደ። ረጅም በሆነበት ቦታ ጨለማው 6 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ቆይቷል። ይህን ያህል የሚረዝም ግርዶሽ ብርቅ ነው።

ንጉሥ በሞተበት ዓመት ፀሐይ ስትጠፋ ሰው ሁለቱን ቢያገናኛቸው አይፈረድበትም። እኛ ግን በዚህ ጉዳይ ግልጽ ትምህርት አለን። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎችም ለሕፃኑ ሞት ነው አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞትም ሆነ መወለድ እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ግርዶሽ ስናይም እንድንሰግድና ዱዓ እንድናደርግ አዘዙ። በራሳቸው ሐዘን ቀን እንኳ ሰማዩን ለሐዘናቸው ማስረጃ አላደረጉትም። ይህ ትምህርት ለሳይንስም በር ይከፍታል። ግርዶሹ የማንም ሞት ምልክት ካልሆነ፣ መቼ እንደሚመጣ ማስላትና ምን እንደሚያሳይ መመርመር ይቻላል ማለት ነው።

የሲያሙ ንጉሥ ሞንግኩት ይህንን ግርዶሽ ራሱ አስልቶ ነበር። የውጭ እንግዶችን ጠርቶ ዋ ኮ በተባለ ቦታ ሠፈረ፤ ጨለማውም ባለው ሰዓት መጣ። ንጉሡ ግን በዚያ ቆላ ወባ ይዞት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተ። የጀርመንና የኦስትሪያ ባለሙያዎች ዐደን ላይ መሣሪያቸውን ተክለው ጠበቁ። ፈረንሳዮችና እንግሊዞች ሕንድ ላይ ሆነው ጠበቁ። ጥላው በተነሣበት በእኛ ምድር ላይ ግን መሣሪያ የዘረጋ ሰው እንደነበር አልተጻፈም። አገሩ ከጦርነት ገና መውጣቱ ነበር።

ብርሃንን ማንበብ

እነዚያ ሰዎች ከባሕር ማዶ ድረስ ይዘውት የመጡት መሣሪያ ስፔክትሮስኮፕ ይባላል። ሥራው ቀላል ነው፤ ብርሃንን በቀለሙ ይከፋፍላል። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ በጉና ላይ ቀስተ ደመና አይታችኋል። የዝናቡ ጠብታ ነጩን የፀሐይ ብርሃን ከቀይ እስከ ወይን ጠጅ ይዘረዝረዋል። ስፔክትሮስኮፕም ይህንኑ በመስታወት ያደርገዋል።

ቀስተ ደመናን በመመርመር ረገድ የሙስሊም ሊቃውንት ድርሻ ትልቅ ነው። ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በካይሮ «ኪታቡል መናዚር» የተባለውን የብርሃን መጽሐፍ ጻፈ። ስለ ግርዶሽ ቅርጽም ለብቻው ጽፏል፤ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባ ብርሃን የተጋረደችውን ፀሐይ እንደ ማጭድ አድርጎ እንደሚያሳይ መረመረ። ከእሱ በኋላ በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከማሉዲን አልፋሪሲ ክብ ብርጭቆ በውኃ ሞልቶ እንደ ትልቅ የዝናብ ጠብታ ቆጠረው። ብርሃኑ እንዴት እንደሚታጠፍና ውስጡ እንደሚንጸባረቅ አይቶ የቀስተ ደመናን ምስጢር አብራራ። አንድ ብርጭቆ፣ ውኃና ትዕግሥት ነበር ያለው።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ጀርመን ይሄዳል። ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ገና በልጅነቱ ወላጆቹን አጥቶ በመስታወት ቤት ተለማማጅ ሆኖ ያደገ የእጅ ባለሙያ ነው። ጥራት ያለው መስታወት መሥራት ተካነ። እ.ኤ.አ. በ1814 የፀሐይን ብርሃን በጥሩ መስታወት ሲዘረዝር በቀለማቱ መካከል ከ500 የሚበልጡ ጥቋቁር መስመሮች አየ፤ አንድ በአንድም መዘገባቸው። የባቫሪያ ንጉሥ ይህንን መስታወት ሠራተኛ የመኳንንት ማዕረግ ሰጠው።

መስመሮቹ ምን እንደሆኑ የታወቀው ከ45 ዓመት በኋላ ነው። ሃይደልበርግ ውስጥ ኪርሾፍና ቡንሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲነድ የራሱ የሆነ ቀለም መስመር እንደሚሰጥ አረጋገጡ። ይህንን በቤታችሁ አይታችኋል። በጋዝ ምድጃ ላይ የተጣደ ጨው ያለበት ድስት ገንፍሎ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል ወዲያው ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ የጨው ውስጥ ሶዲየም ፊርማ ነው። ንጥረ ነገር ሁሉ እንዲህ ያለ ፊርማ አለው። ፊርማውን ያወቀ ሰው ሳይነካው፣ ሳይቀምሰው፣ ሩቅ ሆኖ ምን እንደሆነ ይናገራል። በዚሁ መንገድ ሴዚየምና ሩቢዲየም የተባሉ ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች ተገኙ። ፀሐይን ማንም ሊነካት አይችልም፤ ብርሃኗን ግን ማንበብ ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1862 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ለኪርሾፍ የራምፎርድን ሜዳልያ ሰጠው። ልብ በሉ፤ ቴዎድሮስ ደብዳቤያቸውን ወደ ለንደን የላኩት በዚያው ዓመት ነው።

ሁለተኛው ሜዳልያ

ዡል ዣንሰን የተባለ ፈረንሳዊ ለግርዶሹ ሕንድ ውስጥ ጉንቱር በምትባል ከተማ ሠፈረ። በልጅነቱ በደረሰበት አደጋ አንካሳ የሆነ፣ በወጣትነቱም በባንክ ቤት ጸሐፊነት የሠራ ሰው ነው። ነሐሴ 13 ጨረቃ ፀሐይን ስትሸፍን ከጠርዟ የሚፈናጠቁትን ቀያይ ነበልባሎች በስፔክትሮስኮፑ አየ። መስመሮቻቸው ደማቅ ነበሩ፤ የጋለ ጋዝ፣ በተለይም ሃይድሮጂን መሆናቸውን ተናገሩ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ከሌሎቹ ታዛቢዎች ጋር እኩል ይሆን ነበር። እሱ ግን መስመሮቹ ይህን ያህል ከደመቁ ያለ ግርዶሽም መታየት አለባቸው ብሎ አሰበ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ በሙሉ ብርሃኗ ስትወጣ መሣሪያውን በጠርዟ ላይ አነጣጠረ። አያቸው! ከዚያ ቀን ወዲህ የፀሐይን ነበልባል ለማየት ዓመታት ጠብቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጥቂት ደቂቃ ማየት ቀረ። በየቀኑ ከቤት ሆኖ ማየት ተቻለ።

ለንደን ውስጥ ደግሞ ኖርማን ሎክየር የሚባል ሰው ነበር። መተዳደሪያው በእንግሊዝ የጦር ሚኒስቴር ጸሐፊነት ነው። አዎ፣ ወታደሮቹ ወደ መቅደላ በዘመቱበት ዓመት በጦር ሚኒስቴሩ ወረቀት ይጽፍ የነበረ ሰው! ማታ ማታና በትርፍ ሰዓቱ ሰማይ ይመለከታል። የዣንሰንን ሐሳብ እሱም ለብቻው ቀድሞ አስቦት ነበር፤ ያዘዘው መሣሪያ ግን ዘገየበት። በኦክቶበር አጋማሽ እጁ ገባ፤ ኦክቶበር 20 ቀን 1868 ነበልባሎቹን ከለንደን ጭጋግ ሥር ሆኖ አየ።

ሁለቱ አይተዋወቁም። ዣንሰን ከሕንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሎክየርም ከለንደን ጻፈ። ሁለቱም ደብዳቤዎች በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ በአንድ ስብሰባ፣ ኦክቶበር 26 ቀን ተነበቡ። ማን ቀደመ የሚል ጭቅጭቅ ሊነሣ ይችል ነበር። ፈረንሳዮቹ ግን የተሻለ መንገድ መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1872 የሁለቱ መልክ ጎን ለጎን የተቀረጸበት አንድ ሜዳልያ አወጡ፤ የአንድ ፈረንሳዊና የአንድ እንግሊዛዊ ማለት ነው። በጀርባው የጥንት ግሪኮች የፀሐይ ጌታ ይሉት የነበረው አፖሎ በሠረገላ ሆኖ ወደ ነበልባሎቹ ይጠቁማል። ቀኑም ተጽፎበታል፤ ኦገስት 18 ቀን 1868። የእኛ ነሐሴ 13 ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ሜዳልያዎች አስተያዩአቸው። አንዱ ላይ የአገራችን ስም በኮከብ ጫፎች መካከል አለ። ሌላው ላይ ከአገራችን ተነሥቶ የተጓዘ ጥላ ቀን አለ። በአንደኛው የተሸነፍን ነን፤ በሁለተኛው ደግሞ ጭራሽ የለንበትም። የመጀመሪያው ያንገበግበናል፤ ዘፈንም ተውኔትም ሠርተንለታል። ሁለተኛው ግን የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል ብለን እናምናለን። መቅደላ አልፏል፤ ብርሃኑን ማንበብ ግን እስከ ዛሬ ቀጥሏል።

ቢጫዋ መስመር

ሎክየር ያየው ሌላም ነገር ነበር። ከሶዲየም ሁለት ቢጫ መስመሮች አጠገብ አንዲት ሦስተኛ ቢጫ መስመር አለች። በግርዶሹ ቀን ያዩዋት ሰዎች ሶዲየም ናት ብለው ያለፏት ነበር። ሎክየር ቦታዋን በጥንቃቄ ለካ፤ ከሶዲየም ጋር አትገጥምም። በምድር ላይ ከሚታወቅ ከምንም ነገር ጋር አትገጥምም። ስለዚህ በፀሐይ ላይ ያለ አዲስ ንጥረ ነገር ነው አለ። ፀሐይ በግሪክኛ ሄሊዮስ ስለምትባል ሂሊየም የሚል ስም ወጣለት።

ብዙ ሊቃውንት አላመኑትም። በምድር ላይ ያልተገኘ ነገር በመስመር ብቻ አለ ማለት ለሳቅ ይዳርግ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1895 ዊልያም ራምዚ ዩራኒየም ካለበት ማዕድን ያወጣውን ጋዝ ሲመረምር ያችኑ ቢጫ መስመር አገኘ። ሂሊየም ከእግራችን ሥር ነበር። ሎክየር በሕይወት ኖሮ ይህንን አየ።

እስከዚያው ግን ሜዳልያዎቹ መጥተዋል። ሮያል ሶሳይቲ የራምፎርድን ሜዳልያ በ1872 ለስዊድናዊው አንግስትሮም፣ በ1874 ለሎክየር፣ በ1876 ለዣንሰን፣ በ1880 ደግሞ የከዋክብትን ብርሃን ላነበበው ለሃጊንስ ሰጠ። ዝርዝሩን ስታዩ ብርሃንን መዘርዘር የዘመኑ ትልቅ ሥራ እንደነበር ትረዳላችሁ። ዛሬም ለዚህ ሙያ ብቻ የቆሙ ሽልማቶች አሉ። ቼኮች በ1648 ስለ ቀስተ ደመና በጻፈው በፕራጉ ሐኪም በማርሲ ስም ለስፔክትሮስኮፒ ሊቃውንት ሜዳልያ ይሰጣሉ። አሜሪካኖች የሜገርስ፣ የፕላይለርና የብራይት ዊልሰን ሽልማቶች አሏቸው።

ጥላው ያለፈባቸው አገሮች

ጥላው ከእኛ ቀጥሎ በሕንድ አለፈ ብለናል። ሕንድ ያኔ በቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ከውጭ የመጡ ሰዎች መሣሪያ የሚተክሉባት መሬት ነበረች። ከስልሳ ዓመት በኋላስ? ቻንድራሴካራ ራማን የተባለ ሕንዳዊ ቀን በመንግሥት የሒሳብ መሥሪያ ቤት ይሠራ፣ ጠዋትና ማታ በካልካታ የምርምር ማኅበር ውስጥ ብርሃንን ያጠና ነበር። በኋላ መሥሪያ ቤቱን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሳይንስ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1928 ብርሃን በንጥረ ነገር ውስጥ ሲበተን ቀለሙ ጥቂት እንደሚለወጥ አገኘ። ያ ለውጥም የነገሩን ማንነት ይናገራል። በ1930 የኖቤልን ሜዳልያ ወሰደ። ዛሬ የራማን ስፔክትሮስኮፒ መድኃኒትን ለመመርመር፣ የከበረ ድንጋይን ከሐሰተኛው ለመለየት ይሠራበታል።

ከራማን በኋላ ደግሞ ወደ ዓባይ ታችኛው ጫፍ እንሂድ። አሕመድ ዙወይል እ.ኤ.አ. በ1946 በግብፅ ደመንሁር ተወለደ። በእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ለተጨማሪ ትምህርት አሜሪካ ሄደ። የጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሁለት ንጥረ ነገሮች ሲዋሐዱ፣ አሮጌው ትስስር ሲበጠስና አዲሱ ሲታሰር፣ በዚያች ቅጽበት ምን ይሆናል? ነገሩ በጣም ፈጣን ስለሆነ ማንም አይቶት አያውቅም። ዙወይል በፌምቶ ሰከንድ የሚቆጠር የሌዘር ብልጭታ ተጠቀመ። ፌምቶ ሰከንድ ማለት አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ፣ ያም እንደገና ለቢሊዮን ሲከፈል ነው። በ1993 የፕላይለርን፣ በ1997 የብራይት ዊልሰንን የስፔክትሮስኮፒ ሽልማት አገኘ። በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤልን ለብቻው ወሰደ። አገሩም ትልቁን የዓባይ ኒሻን ሰጠችው። በ2016 ወደ አኺራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት።

እነዚህን ሰዎች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ፍራውንሆፈር ወላጅ የሌለው ተለማማጅ፣ ዣንሰን የባንክ ጸሐፊ፣ ሎክየር የመንግሥት ጸሐፊ፣ ራማን የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዙወይል የትንሽ ከተማ ልጅ። አንዳቸውም ሁሉ ነገር ተመቻችቶላቸው አልጀመሩም።

የጋፋት እጆች

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ማንን ነው የምናከብረው?

በአገራችን ብረት የሚያቀልጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩ ጠይብ ተብሎ ተሰድቧል፤ ሸማኔው ቁጢት በጭ ተብሏል፤ ባለ እጁ ቡዳ ነው ተብሎ ተፈርቷል። ነገሩ እጅግ ስለከፋ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ማረሻውን ያለ ቀጥቃጭ፣ ጋቢውን ያለ ሸማኔ፣ ጀበናውን ያለ ሸክላ ሠሪ ማን ያገኛል? ሆኖም ዕቃውን ወስደን ሠሪውን ጠላን።

አንድ ቀጥቃጭ ብረቱን ከፍም አውጥቶ ቀለሙን አይቶ ገና ነው ወይም በቅቷል ይላል። ቀይ ከሆነ አንድ ነገር፣ ብርቱካናማ ከሆነ ሌላ፣ ወደ ነጭ ከሄደ ሌላ። ይህ ብርሃንን ማንበብ ነው! የጋፋት ሰዎችም ይህንን ያውቁ ነበር። የኪርሾፍና የቡንሰን ሥራ የተጀመረው ከዚሁ ከእሳትና ከቀለም ነው። ልዩነቱ እነሱ ያዩትን ለኩ፣ ጻፉ፣ ለሌላው አካፈሉ፤ የጻፉትም ተከበረላቸው። የእኛ ባለሙያ ያየውን ለልጁ ብቻ በጆሮው ነገረው፤ ጎረቤቱ ስለሚሰድበው ልጁም ሙያውን ሸሸ። የባቫሪያ ንጉሥ መስታወት ሠራተኛውን መኳንንት ሲያደርግ እኛ ብረት ሠራተኛውን ቡዳ አልነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ሜዳልያ ላይ ያልኖርንበትን ምክንያት በናፒየር ጦር ላይ ብቻ ማላከክ አንችልም። ጦሩ ጉዳት አድርሷል፤ ቅርስ ወስዷል፤ ይህ የማይካድ ነው። ግን ጦሩ ከመምጣቱ በፊትም፣ ከሄደ በኋላም ባለ እጁን የናቅነው ራሳችን ነን።

ዛሬስ?

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ላይ እንደ ቀለበት ሆና ስትታይ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከዛፍ ሥር የቆማችሁ መሬቱ ላይ ብዙ ትናንሽ ማጭዶች አይታችሁ ይሆናል። ኢብኑል ሀይሠም ከሺህ ዓመት በፊት የጻፈው ይህንኑ ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይም ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖችና የብርሃን መዘርዘሪያ መሣሪያ አሉ። እንደ 1860ው መሣሪያ የሌለበት አገር አይደለንም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ከጋፋት ብዙ ሳይርቅ ቆሟል።

እናንተም ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ። ባዶ የጫማ ካርቶን ፈልጉ። በአንድ ጎኑ ላይ በምላጭ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ስንጥቅ አውጡ። በሌላው ጫፍ ውስጥ አሮጌ ሲዲ አጋድማችሁ አቁሙ። በላዩ ዐይን የምታሳርፉበት ቀዳዳ ክፈቱ። ስንጥቁን ወደ መብራት አዙሩ። አምፖሉ፣ የመንገዱ መብራት፣ ሻማውና የስልካችሁ ስክሪን እያንዳንዳቸው የተለያየ ቀለም ይዘረዝራሉ። ያያችሁትን በደብተር ጻፉ። አንድ ነገር አደራ፦ በካርቶኑም ሆነ ያለ ካርቶን ፀሐይን ቀጥታ አትመልከቱ፤ ዐይን ያጠፋል።

ሌላም ሥራ አለ። በየሠፈራችሁ ያሉትን ሽማግሌ ቀጥቃጮች፣ ሸማኔዎችና ሸክላ ሠሪዎች ጠይቋቸው። ብረቱ መብቃቱን በምን ያውቃሉ? የሸክላው አፈር የትኛው ነው? ክሩ እንዴት ቀለም ይይዛል? ስማቸውን ከሙያቸው ጋር አድርጋችሁ ጻፉ። በጋፋት ያልተደረገው ይህ ነው። ሜዳልያ ባንሰጣቸው እንኳ ስማቸው በወረቀት ይቀመጥ።

ዣንሰንን ከሌሎቹ የለየው ነገር ግርዶሹን ማየቱ እንዳልሆነ አይታችኋል። ግርዶሹን ሺዎች አዩት። እሱ በማግስቱ ጠዋት፣ ሁሉም ዕቃውን ሲጠቀልል፣ ተመልሶ አየ። እኛም ዕድሉ እስኪመጣ፣ እርዳታው እስኪደርስ፣ ሁኔታው እስኪስተካከል እያልን ከመጠበቅ ይልቅ ባለን ካርቶን እንጀምር። አላህ እውቀትን ከሚፈልጉና ባለ እውቀትን ከሚያከብሩ ያድርገን።

ወሏሁ አዕለም። ጽሑፉ ከጠቀማችሁ ለወንድምና ለእህቶቻችሁ አካፍሉት። በአካባቢያችሁ የምታውቁት ባለ ሙያ ካለ በፈቃዱ ሙያውን ጻፉልን፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ጽሑፋችን እናወጣዋለን።